አንድ ሰው የቀረው

ጥር 6

ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሴት ሠራሁ። ሁለቱ ሹሩባ፣ አንዷ በካስክ ፀጉር ማድረቅ። ወገቤ እንጨት ሆኗል።

አባዬ ዛሬም ገና ሳይነጋ ወጣ። በፒጃማው ላይ ካፖርቱን ደርቦ፣ የሽቦ አጥሩን ተደግፎ… "ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ጣቢያ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" ሠላሳ ምናምን ዓመት የአውቶቡስ ረዳት ሆኖ የኖረ ጉሮሮ። ሌላው ነገሩ ሁሉ ከድቶታል። ሱሪውን ገልብጦ ይለብሳል፣ እኔን አንዳንዴ በሟቿ እናቴ ስም ይጠራኛል። ድምፁ ግን ወይ ፍንክች።

ሽንኩርት ሻጯ ዘንቢሏን ተሸክማ ስታልፍ "እኔ አለሁ አባባ!" ብላ መለሰችለት። "ግቢ! ግቢ እመቤት! ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ!" የአጥሩን ብረት ሁለቴ መታ። "ሞላ! ሳበው!" እሷ እየሳቀች ሄደች። እሱ ገብቶ ሻዩን ጠጣ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ምን አለ ዝም ብለው ቢያልፉ? በታመመ ሰው መጫወት… ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም። የሰፈሩ ዘበኛ ይመልስለታል፣ ወደ ፋብሪካ የሚሄዱት ሴቶች ይመልሱለታል። ሰው ሲመልስለት እኮ ነው የሚብስበት። አይዞህ ባይ አግኝቶ።

ጥር 9

ነርሷ መጣች። የቀኝ ጎረቤታችን። ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። ማለት… መተኛት ነበረባት።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ላይ ቆማ፣ ዓይኗ ደም መስሎ፣ "የአንዱን በሽተኛ መርፌ ለሌላው ልወጋ ነበር" አለችኝ። "ጓደኛዬ እጄ ላይ ደረሰችብኝ። ትንሽ ብትዘገይ…" አልጨረሰችውም።

"አባትሽን እወዳቸዋለሁ። እንቅልፍ ግን… እኔም ሰው ነኝ እኮ።"

ምን ልበላት? ይቅርታ አልኳት። ይቅርታ ደግሞ እንቅልፍ አይሆን። ስትወጣ "ሌሎቹም ፈርመዋል፣ ከሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው" አለች። ምን ላይ ነው የፈረሙት?

ጥር 11

አወቅኩት። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወረቀቱን ይዞ መጣ፣ የአባዬ ጩኸት ይቁምልን የሚል አቤቱታ። "ልጄ፣ እኔ በግሌ ምንም የምለው የለኝም። ግን ሰፈሩ…" በግሉ ምንም የማይለው ሰውዬ ፊርማው ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ያውም በትልቁ።

ማታ ወንድሜ ከሚኖርበት ከተማ ደወለ። ማን እንደነገረው እንጃ። ወሬ እግር አለው።

"እዚህ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ አለ ብሎኛል። ለአባዬም ይሻላል፣ ላንቺም ይሻላል።"

"ከዚህ ቤት ከወጣ ይሞታል።"

"አንቺ ደግሞ ሁሌ እንደዚህ ነሽ።"

"መጥተህ አይተኸዋል? መቼ ነው ያየኸው?"

የትልቅ ወንድምነቱን ድምፅ አወጣ። አንድ ክስ ከሰማ መኪና ይዞ መጥቶ ይወስደዋል። አንድ። በቃ።

አባዬ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ጫማውን አወለቅኩለት። አይወስደውም። በሕይወት እያለሁ አይወስደውም!

ጥር 14

አንዷ ደንበኛዬ ካስክ ውስጥ ሆና እየጮኸች (ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ዓለም ሁሉ ደንቆሮ ይመስላታል) አንድ ነገር ነገረችኝ። እህቷ የምትሠራበት ሆቴል ድምፅ የማያሳልፍ አጥር አሠርቷል። "የጭነት መኪና በዚህ ያልፋል፣ እዚያ አልጋ ላይ ዝንብ ሲበር ይሰማሻል!"

እጄ የፀጉር መጠቅለያው ቢጉዲን ላይ ቆመ።

"ከውጭ የሚመጣውን ካስቀረ… ከውስጥ የሚወጣውንስ?"

"ምን ለየው? ድምፅ ያው ድምፅ ነው።"

ይሄን እስካሁን እንዴት አላሰብኩትም? እሱን ከማስወጣት ድምፁን ማስቀረት።

ጥር 17

አጥር ሠሪው መጣ። ሠራተኞቹ "ኢንጂነር" ይሉታል፣ እሱም አይጠላውም። ግቢውን በሜትር ለካ። ኋላችን የመጋዘን ግንብ ስለሆነ ይቀራል፣ በግራም ግንቡ ይቀጥላል፣ ከወዲያ ሰው የሌለበት ባዶ ቦታ ነው። ፊት ለፊቱና የነርሷ በኩል ይበቃል። ሁለት ቆርቆሮ፣ መሃላቸው እንደ ጥጥ ያለ ነገር የተጠቀጠቀበት፣ ወፍራም። ከሰው ቁመት በላይ።

"እህቴ፣ ድምፅ ማለት እንደ ውሃ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ካገኘ ይወጣል። ስለዚህ ርካሽ ልሥራ ካልሽ አታሠሪ።"

"እሺ፣ ስንት?"

ነገረኝ። ተቀመጥኩ።

ገንዘቡ አልገባኝ ሲል በምሠራው ራስ ቁጥር አሰብኩት። የአንዱ ሜትር ዋጋ ስድሳ ሹሩባ። ስድሳ ሴት ጉልበቴ ሥር አስቀምጬ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ… ለአንድ ሜትር! ሜትሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ይሄን ግቢ ጠባብ ነው ብዬ ስንቴ አማሁት። ዛሬ ሜዳ ሆነብኝ።

ጥር 23

ገበያው አጠገብ ያለችውን ክፍል ለወራት ዓይኔን ጥዬባት ነበር። ትልቅ መስኮት፣ ውሃው የማይቋረጥ። ስሜን በሩ ላይ እስከ መጻፍ ደርሼ ነበር፣ በሐሳቤ። ሁለት ካስክ፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ ረዳት ልጅ። አከራይዋ ለኔ ብላ ለሌላ ሳታከራይ ይዛልኛለች።

ዛሬ ደወልኩላት። "ይቅርብኝ" አልኳት። "ምነው፣ ስንት ጊዜ ለምነሽኝ?" አለች። አጥር ላሠራ ነው አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏት።

ሳሎኔ ውስጥ፣ አባዬ አጠገብ፣ በዚያች አንድ ካስክ አረጃለሁ ማለት ነው። ይሁን። ብቻ እሱ አይሂድ።

የካቲት 3

በሩ ተረስቶ ነበር! ኢንጂነሩ ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ ነው ያስታወሰው። አጥሩ ድምፅ ይዞ በሩ ካሳለፈ ምን ዋጋ አለው? በሩም እንደ አጥሩ መሆን አለበት፣ ዙሪያውን ጎማ። ከዚያ ደግሞ መሠረቱ። "መሬትሽ ልል ነው" አለኝ። መሬቴን እንደ ነውር ነገረኝ። ከዚያ ማጓጓዣ። ከዚያ የድሮውን ሽቦ መንቀያ። መንቀያም ይከፈላል?

የእናቴን የአንገት ሀብል ሸጥኩ። እዚህ ላይ ስለሱ አልጽፍም።

የካቲት 10

ሽቦውን ነቀሉት። አባዬ በረንዳ ላይ ቆሞ ብረቱ ሲነቀል አየ። ተጨነቀ። እጄን ይዞ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"ጋራዥ ገባ?"

"አዎ አባዬ። ጥገና ነው።"

"ፍሬኑን ይዩት በላቸው። ፍሬኑ ላይ ነገር አለ።"

"እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።"

ኢንጂነሩ ሰምቶ "ፍሬኑን እናየዋለን አባባ" አለው። መጀመሪያ ሳቅኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

የካቲት 18

አለቀ። ግራጫ፣ ረጅም፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለው። ሳሎኑ ትንሽ ጨለመ፣ ምንም አይደል። አባዬ መጣራት ሲጀምር ሮጬ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁና መንገዱ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ… የለም። በጣም ብትጠጋ ብቻ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ነገር። ነርሷ ቤት በር ላይ ደግሞ ምንም።

እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። ወንድሜ ዘንድ ደውዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። "ጎበዝ" አለኝ። ከሱ አፍ ጎበዝ ስሰማ ከስንት ዘመን በኋላ ነው።

የካቲት 20

አባዬ ዛሬ ብዙ ጮኸ። አጥሩ አዲስ ሆኖበት ይሆናል። ይለምደዋል።

የካቲት 23

አልለመደውም።

ገና ሳይነጋ የወጣ እስከ ምሳ አልገባም። ዱሮ ይጮሃል፣ ይገባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ይወጣል። አሁን እረፍት የለም። "አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" ደንበኞቼ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ድምፁ ወደ ውጭ መውጣት ሲያቅተው ተመልሶ ወደኛ ነው የሚመጣው። አንዷ ሹሩባዋን በግማሽ ትታ ሄደች። የቀረውን ነገ እመጣለሁ ብላ። አትመጣም።

"አባዬ፣ ግባና ብላ።"

"መኪናው አልሞላም። ምን ብዬ ልግባ?"

"በኋላ ይሞላል።"

"ሾፌሩ ቆሞ እየጠበቀኝ!" ተቆጣኝ። እኔን ተቆጥቶኝ አያውቅም።

የካቲት 25

አንድ ዘዴ መጣልኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ፣ በጓሮ ዞሬ አጠገቡ ሄድኩና "እኔ አለሁ!" አልኩት። የሞላለት እንዲመስለው።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ፈገግ አለ፣ የድሮ ፈገግታው።

"አንቺማ የቤት ሰው ነሽ። የቤት ሰው አይቆጠርም። ወንበር እንዳትይዢ፣ እኔ አጠገብ ቁሚ።"

ከዚያ ዞሮ ቀጠለ። አጠገቡ ቆምኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

የካቲት 28

ሁለት ማንኪያ ሾርባ። ጉሮሮው ሻክሯል። ማር በሎሚ ሰጠሁት፣ ዋጠና ተመልሶ ወጣ።

መጋቢት 1

ምነው ዛሬ ከቤት ባልወጣሁ! ወይም ምነው ቀደም ብዬ በወጣሁ!

የፀጉር ቅባት ልገዛ ስሄድ ሽንኩርት ሻጯን መንገድ ላይ አገኘኋት። "አባባ ደህና ናቸው? አመማቸው እንዴ? በዚህ ሳልፍ አልሰማቸው አልኩ።" አጥር አሠርተን ነው አልኳት፣ ትንሽ ኮራ ብዬ። ኮራ ብዬ! አቤት…

ፊቷ ተለወጠ።

"ታዲያ ማን ይሞላላቸዋል?"

"ምን?"

"መኪናውን ነዋ። እኛ እንሞላላቸው ነበር እኮ። አንድ ሰው እኔ አለሁ ካላላቸው ጠዋት አይገቡም። አንድ ቀን ዘበኛው ቀረና እኔም ዘገየሁ፣ ስደርስ እንባቸው መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሳላልፍ ቀርቼ አላውቅም። መንገዴ እንኳ በዚህ አይደለም።"

መንገዷ በዚህ አይደለም።

እኔ ቀልደኞች ያልኳቸው… አፏን ብትዘጋ ብዬ የረገምኳት ሴትዮ… አባቴን ቁርስ ላይ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። የሚብስበት ሰው ሲመልስለት አልነበረም። የሚያርፈው ያኔ ነበር። አንድ ሰው ሲመልስለት "ሞላ" ይልና ይገባል። ስንት ጊዜ በዓይኔ አየሁት! እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። አይቼ አላየሁም።

መጋቢት 2

ዛሬ ጠዋት በሩን ከፈትኩት። ሌላ ምን መላ አለ? ከፍቼ ሰው ሲያልፍ እንዲያይ፣ ሰውም እሱን እንዲያየው።

ሽንኩርት ሻጯ ሳትደርስ አውቶቡስ አለፈ። የእውነት አውቶቡስ። አባዬ ወጣ። ሽቦው ይይዘው ነበር ለካ፣ ተደግፎት ይቆማል እንጂ አያልፈውም ነበር። ክፍት በር ግን ለረዳት ምንድን ነው? ሊወጣበት ነው። አደባባዩ ጋ ደረስኩበት። በመኪና መሃል፣ በፒጃማ፣ የአንዱን አውቶቡስ ጎን በመዳፉ እየመታ "ሳበው! ሳበው!" ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሏል። ሌላው መኪና ፍሬን የያዘበት ምልክት አስፋልቱ ላይ አለ፣ ከእግሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት አልፈለግኩም።

በሩን ቆለፍኩት። ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት፣ ሀብሉ የነበረበት ቦታ።

መጋቢት 4

ሽንኩርት ሻጯን ለምኜ ግቢ ውስጥ አስገባኋት። "እኔ አለሁ አባባ!" አለችው። "እንግዳ መጥቷል፣ ወንበር ስጫት" አለኝ። ተሳፋሪ ከመንገድ ነው የሚመጣው። ግቢ ውስጥ የገባ ሰው እንግዳ ነው። እሷም ዘንቢሏን አንስታ ሄደች።

ከዚያ እኔ ወጣሁ። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁና መንገዱ ላይ ሆኜ ድምፄን ለውጬ ጮኽኩ። "ቦታ አለ? እኔ አለሁ! አንድ ሰው እኔ ነኝ!" ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። አጥሩን በቡጢ መታሁት። ጥጥ ነው፣ ድምፅ አይሰጥም። ሰው ቆሞ አየኝ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ማዶ አሻገረች።

ገባሁ። እዚያው ቆሟል። "አንድ ሰው…" ይላል።

"አልሰማህም አባዬ?"

"ምኑን?"

አጥሩ ሥራውን ይሠራል። ኢንጂነሩ አልዋሸኝም።

መጋቢት 5

ለኢንጂነሩ ደወልኩለት። መስኮት ማውጣት ይቻላል? ትንሽ፣ የፊት ያህል? "እህቴ፣ ቀዳዳ ከከፈትሽበት ገንዘብሽን ውሃ በላው።" አንዱን ክፍል ነቅሎ በድርብ መስተዋት መቀየር ይችላል። "ግን በመስተዋቱም ድምፅ አያልፍም፣ ዋናው እሱ አይደል?" ዋጋውን ነገረኝ። ስንት ሹሩባ እንደሆነ አላሰብኩትም።

ዝም ብሎ አንዱን ክፍል መንቀልስ? ነቀልኩት እንበል። ነርሷ ትነቃለች። ወንድሜ ይመጣል። ካልነቀልኩት ደግሞ… እጅና እግሬን ራሴ ነኝ ያሰርኩት። ያውም ከፍዬ።

መጋቢት 7

ድምፁ ጠፋ። አፉ ይከፈታል፣ እጁ እንደ ወትሮው ይጠራል፣ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ትንፋሽ ብቻ።

ሐኪሙ "ይረፍ፣ አይናገር" አለ። ለሱ ይንገረው።

መጋቢት 10

ከሰዓት በኋላ በራሱ ገባ። ማንም ሳይጠራው። ካፖርቱን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ በሥርዓት፣ እንደ ድሮው ከሥራ ሲመጣ። ተቀመጠ። በሹክሹክታ፣

"ተበተኑ።"

"እነማን አባዬ?"

"ሰዎቹ። ሌላ መኪና ይዘዋል።"

ጉልበቱ ላይ ተደፋሁ። "ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ" አልኩት። ፀጉሬን ዳበሰኝ። ሊያጽናናኝ! እሱ እኔን።

"እንግዲህ ምን ይደረግ" አለ። "መኪናው አርጅቷል። ሰው አይፈረድበትም።"

መጋቢት 13

አልወጣም።

መጋቢት 16

ድምፁ ተመልሷል፣ ሐኪሙ አየው። ውሃ ስጪኝ ሲል በደንብ ይሰማል። ውሃ ከማለት ሌላ ግን አይናገርም። ዛሬ ገና ሳይነጋ ቀሰቀስኩት። እኔ! ካፖርቱን አለበስኩት፣ እጁን ይዤ በረንዳ አወጣሁት። "በል አባዬ። ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ጣቢያ…" እኔው ጀመርኩለት። ድምፄ አስጠላኝ።

አጥሩን አየው። ከዚያ እኔን። "ማነሽ?" አለኝ።

መጋቢት 19

ወንድሜ ደወለ። "አየሽ? ሁሉም ነገር መስመር ያዘ።" አዎ አልኩት። አባዬን አገናኘኋቸው። ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ቆይቶ ሰጠኝ። ወንድሜ "ድካም ነው" አለ። አዎ፣ ድካም ነው አልኩት።

መጋቢት 24

ጠዋት ሁለት ሹሩባ። አባዬ መኝታ ቤት ነበር፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ። አሁን የማጎርሰው እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ መጣች። አላወቅኳትም ማለት ይቻላል። ፊቷ ሞልቷል፣ ዓይኗ ጠርቷል። ሙዝ ይዛ መጥታለች፣ ብዙ ሙዝ። እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ። ምን እንዳደረግሽልኝ አታውቂም። ሰው ሆንኩ እኮ! መጀመሪያ ላይ አልፎ አልፎ ራቅ ብሎ ይሰማኝ ነበር። አሁን ግን ኮሽ አይልም። ምን ዓይነት አጥር ነው!"

ባልደረባዋ ቤት አጠገብ የእንጨት መሰንጠቂያ ተከፍቷል አሉ። የኢንጂነሩን ስልክ ፈለገች። "ብዙ ያስከፍላል?" አለችኝ።

"ያስከፍላል" አልኳት።

"ይሁን። እንዲህ ከሆነ ዋጋው ነው።"

ቁጥሩን ጻፍኩላት። እስከ በር ሸኘኋት። ስትወጣ ቆርቆሮውን እንደ ከብት ጎን መታ መታ አድርጋ፣ እየሳቀች፣ "እሳቸውስ እንዴት ናቸው?" አለች።

"ደህና ነው" አልኳት። ኮሽ የማይለው በአጥሩ አይደለም አላልኳትም።